ትንፋሽ የማይወሰድበት ቦታ

ሚያዝያ 6

ሙእሚን፣ ቻርጀርህን የት ነው ያስቀመጥከው? ቤቱን ገለባበጥኩት፣ የለም። ስልኬ ሊዘጋ ነው። ሰው ሁሉ አንተን ብሎ መጥቶ ግቢውን ሞልቶታል፣ የሌለኸው አንተ ብቻ ነህ።

እማ ከሰመራ የደረሰችው ከቀብሩ በኋላ ነው። ቁርስ ቤቷን ዘግታ ባገኘችው መኪና ተሳፍራ መጣች። አሁን ሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች። እነሱ ያለቅሳሉ፣ እሷ ታጽናናቸዋለች። እኔ ድንኳኑ በር ላይ ቆሜ እጅ እጨብጣለሁ። ወንዶቹን ብትሰማቸው ትስቅ ነበር። ወሬያቸው ሁሉ ስለ ማሽኑ ነው።

"አራት ጊዜ ኤምአርአይ ገብቷል እኮ። አምስተኛውን ቢገባ ይድን ነበር" አለ አንዱ።

"ኧረ እሱ ነው የጨረሰው! ማግኔት ነው። ደም ውስጥ ያለውን ብረት መጦ ነው የሚያወጣው" አለ ሌላው።

ሦስተኛው ሊያስታርቃቸው ፈለገ። "በልኩ ቢገባ ኖሮ ጥሩ ነበር" አለ። በዚህ ተስማሙ።

እኔ እጅ መጨበጤን ቀጠልኩ። ማሽኑ ያያል እንጂ አያክምም ብለህ ለስንቱ አስረዳህ? ወደ ሳንባህ የሚሄዱት የደም ሥሮች ጠበቡ፤ የልብህ ቀኝ በኩል በጠበበው ሲገፋ ሲገፋ ወፈረ፤ በኋላም ደከመ። መጀመሪያ ጊዜ ከብሽሽትህ ቱቦ አስገብተው እስከ ልብህ ድረስ ሄደው ግፊቱን ለኩት። ከዚያ ወዲህ ግን በየስድስት ወሩ ማሽኑ ውስጥ ትተኛለህ፣ ያለ ቱቦ ልብህን ያዩታል፣ ትመለሳለህ። እኛ አዋሽ የቀረነውም ለአዲስ አበባ ስለሚቀርብ ነው።

"ለማየት ብቻ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የምትሄዱት? እኔ በየቀኑ አየው የለም እንዴ?" ትል ነበር እማ። ይህን የምትለው ከሰመራ በስልክ ነው።

ቻርጀሩ አልጋህ ሥር ነበር።


ሚያዝያ 9

ዶክተርህ ደወለች። ከማጽናናት ጀመረች፣ ከዚያ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

"ናስር፣ ይህ በሽታ አንዳንዴ በቤተሰብ ይሄዳል። አባታችሁ በምን ነበር የሞቱት?"

"በአስም።"

"ስንት ዓመታቸው ነበር?"

"ሠላሳ አራት።"

"አንተም መታየት አለብህ። መጀመሪያ በአልትራሳውንድ፣ ከዚያ እንደ ወንድምህ በማሽኑ። ቶሎ ና።"

"እሺ፣ ከፈተና በኋላ።"

"ፈተናው መቼ ነው?"

"ሰኔ።"

"ናስር፣ ቶሎ ነው ያልኩህ።"

ስዘጋው እማ ከኋላዬ ቆማለች። "ማን ነው?"

"ማስታወቂያ ነው።"

"ስምህን ያውቃል እንዴ ማስታወቂያው?"

ዘመኑ እንደዚያ ነው አልኳት። እኔ ምንም የለብኝም። እማ የልብ ፊልም የያዘውን ያንን ትልቅ ፖስታ ይዛ ለሁለተኛ ልጅ ከአውቶቡስ አትወርድም። በቃ።


ሚያዝያ 15

ትምህርት ጀመርኩ። ሁሉም ቀስ ብሎ ነው የሚያናግረኝ። የቡድናችን አምበል አማን ብቻ እንደ ድሮው ነው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ጠራኝ።

"ከዛሬ ጀምሮ በረኛ ነህ።"

"ምን አጠፋሁ?"

"አጥቂ ጉልበቱን ይዞ ቆሞ አይጫወትም። ሦስት ጊዜ ኳስ ሰጠሁህ፣ ሦስቱንም እያየህ አሳለፍካት። ኳሷን ልትሰናበታት ነው የምትወጣው?"

ሳቅን። በረኛነት እድገት ነው፤ ሁሉን ከኋላ ሆነህ ታያለህ። ደግሞ ሙቀቱ አያስሮጥም። ሌሎቹም ሞቋቸዋል፣ ግን እነሱ ስለማያስቡ ይሮጣሉ።


ሚያዝያ 21

ከዐስር ሶላት በኋላ ኡስታዝ ከማሉዲን አስቀሩኝ። ግንቦት መጨረሻ ሰመራ ላይ የቁርኣን ውድድር አለ። የአዋሽን መድረሳ ወክለህ ልትቀራ የነበርከው አንተ ነህ። አሁን እኔ ነኝ።

"ወንድምህ ትንፋሹ ረጅም ነበር፣ አላህ ይርሐመው" አሉኝ። "መጨረሻ ላይ ትንሽ ሰነፈ እንጂ።"

ሰማህ አይደል? ትንፋሽህ ረጅም ነበር። እውነታቸውን ነው። ማሽኑ ውስጥ ሆነህ ባለሙያው በማይክ "ትንፋሽ አስገባ፣ አስወጣ፣ አሁን ያዝ" ሲልህ ማንም እንደ አንተ አይዝም ነበር። ደረት ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ይደበዝዛል። አንተ ግን የኡስታዝ ተማሪ ነህ፤ ድንጋይ ትሆናለህ። "እንዲህ የሚያምር ምስል አንስቼ አላውቅም" ብሎህ ነበር ባለሙያው። እማ ምስሉ አምሯል ሲሏት በግ አርዳ ሶደቃ አወጣች። ጎረቤቱ በልቶ መረቀ። ምስሉ ላይ የነበረው ልብ ግን ከበፊቱ የባሰ ነበር፤ ይህን ለእማ የነገራት የለም፤ በጉ ታርዶ ነበራ።


ሚያዝያ 27

ቀራሁ። አያው፣ አንቀጹ ማለት ነው፣ ረጅም ነው። የቁርኣን ቃል የሚቆምበት ቦታ አለው፣ የማይቆምበትም አለው፤ ያለ ቦታው ትንፋሽ ከወሰድክ ትርጉሙን መሃሉ ላይ ትቆርጠዋለህ። ይህን ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

ኡስታዝ እጃቸውን አነሱ። "እዚህ ነው የሚቆመው?"

"አይደለም ኡስታዝ።"

"ታዲያ ለምን ቆምክ?"

"ረሳሁ።"

"ምኑን? ቃሉን ነው የረሳኸው ወይስ መተንፈሱን?"

ትንንሾቹ ልጆች ሳቁ። እንደገና ጀመርኩ። እዚያው ቃል ላይ ቆምኩ። ሦስተኛም።

"ወንድምህም በስተመጨረሻ እዚህችው ላይ ነበር የሚሰንፈው። ስልክ ነው! ስልክ ላይ ታድራላችሁ፣ ለአላህ ቃል የምታመጡት የተረፈውን ትንፋሽ ነው።"

አያዎቹ አጫጭር የሆኑበት ሱራ ልቅራ ብዬ ለመንኳቸው። አጫጭሩን ጨቅላዎቹ ይቀሩታል አሉ። ጨቅላዎቹ እንደገና ሳቁ።


ግንቦት 3

ጫማዬ ጠበበኝ። እያደግኩ ነው።

ጠዋት ግን ልኬ ነበር።


ግንቦት 4

ዶክተሯ ሁለት ጊዜ ደወለች። አላነሳሁም። ፊዚክስ እያጠናሁ ነበር። ርዕሱ ግፊት ነው። አልገባኝም።


ግንቦት 8

እትዬ አሰፋሽ ሊጠይቁን መጡ። አጥሩን የምንጋራቸው ጎረቤታችን መሆናቸውን አትረሳም መቼም፤ አንተን "የኔ ሙሽራ" የሚሉህ። የአንተን ፊልሞች ከሣጥኑ ላይ አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዟቸው።

"ልቡ የቱ ጋ ነው?"

"እሱ ጋ፣ እትዬ። ነጭ የሆነው።"

"ይሄ? ይሄ እንኳ ጤነኛ ነው። የእኔ ባል ልብ ቢነሳ ይህን ያህልም አይገኝ።"

እማ ከአንተ ቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ወዲያው ፊልሙን ተቀብላ ወደ ፖስታው መለሰችው። "አይቶ አይቶ ገደለው" አለች። "የሚያየው ሁሉ አይቶ ዝም አለ።"

ከዚያ ውኃ እንዳመጣ ጀሪካን ሰጠችኝ። ስመለስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ምን ተማራችሁ ዛሬ?"

"ላስቀምጠውና ልንገርሽ።"

"ተሸክመህ ንገረኝ።"

"እማ፣ ይከብዳል እኮ።"

"ሙእሚን ተሸክሞ ያወራ ነበር፤ አንድ ቀን ግን ዝም አለ።" ጀሪካኑን ከእጄ ወሰደችው። ይዛው ገባች። ማታ ስበላ ግን ያበጠውን የአንገቴን ደም ሥር ስታይ ያዝኳት። ያለ ቱቦ፣ ያለ መርፌ።


ግንቦት 14

መላ አገኘሁ! ከረጅሙ አያ በፊት ያለውን አጭሩን በጣም አዘገየዋለሁ፤ ሰው ያማረልኝ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ትንፋሽ አጠራቅማለሁ። ከዚያ ረጅሙን በፍጥነት እገባበታለሁ። ያቺን ቃል ዛሬ አለፍኳት። ዓይኔ ጨልሞ ኡስታዝ ሁለት ሆነው ታዩኝ። ሁለቱም ፈገግ ብለዋል።

"ነቃህ! ስልኩን ስትተው ነቃህ!" አሉ።

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር።


ግንቦት 22

ከኡስታዝና ከእማ ጋር ወደ ሰመራ። ገዋኔ ላይ ቆመን ውኃ ገዛን። ሾፌሩ የት ነው የምትሄዱት ሲላቸው ኡስታዝ፣ "አንደኛ ልንወጣ" አሉት። ከአውቶቡስ ስወርድ ትንሽ አዞረኝ። መንገዱ ነው። ሰመራ ስንደርስ ደግሞ ሙቀቱ ከመሬት እየተነሣ ፊትህን ይመታሃል። እዚህ አገር በሽታ ሊኖርህ አይችልም፤ ሁሉንም ሙቀቱ ይወስደዋል።


ግንቦት 24

ልጻፈው።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ዳኞቹ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ስህተት ስትሠራ ትንሽ ደወል ይመታሉ፤ ቲንግ ትላለች፣ የሆቴል አስተናጋጅ የሚጠሩ ይመስላል። ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው። እማ እዚያ አለች።

ወደ መድረኩ ሰባት ደረጃ አለ። ማንም አልነገረኝም ነበር። ላይ ስደርስ ያጠራቀምኩት ትንፋሽ አልቆ ነበር።

መጀመሪያው ጥሩ ሄደ። አጭሩን አዘገየሁት። ከኋላ አንድ ሽማግሌ "አላህ!" ብለው አደነቁ። ረጅሙ ውስጥ ገባሁ። ያቺ ቃል ደረሰች። ቆምኩ።

ቲንግ።

መለስኩት። እዚያው ቆምኩ።

ቲንግ።

ሦስተኛ ጊዜ ድምፅ አልወጣም። አፌ ይንቀሳቀሳል፣ አዳራሹ ይጠብቃል፣ ደወል የያዘው ዳኛ እንኳ እጁ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ መጋረጃው ተገፈተረ። እማ በወንዶቹ መሃል፣ በጫማዎቹ ላይ እየረገጠች መጣች። ማንም አላስቆማትም። መድረኩ ላይ ወጥታ በክንዴ ያዘችኝ። ለዳኞቹ፣ "ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ልጄ በቃው" አለቻቸው፤ ይዛኝ ወረደች።

አፍሬያለሁ። አንተ ብትሆን ትጨርሰው ነበር።


ግንቦት 25

ተዘግቶ በከረመው ቁርስ ቤታችን ውስጥ ተቀምጠናል። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። እማ አንዱን አውርዳ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"አባትህም እዚያችው ቃል ላይ ነበር የሚቆመው" አለች።

"እማ፣ ሙቀት ነው እኮ።"

"እሱም ሙቀት ነው ይል ነበር። ደሴ ላይ። በክረምት።"

ልስቅ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም።

"እማ፣ አንቺ ማሽኑ አይረባም ብለሽ የለም?"

"ብያለሁ። አይቶ ዝም ይላል ብያለሁ። እኔስ? ጫማህን ማታ ማታ እየፈታህ በነጠላ ጫማ ስትሄድ አይቻለሁ። ውኃ ስትቀዳ ሁለት ጊዜ ስታርፍ አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ። ከማሽኑ በምን ተሻልኩ?"

እግሬን ከወንበሩ ሥር ደበቅኩ።

"ያቺ ማስታወቂያህም ለእኔ ደውላልኛለች" አለች። "ጨዋ ናት። እሑድ አዲስ አበባ እንገባለን ብያታለሁ።"

ፈተና አለኝ አልኳት። ፈተናማ አለብህ አለች።


ሰኔ 3

ሆስፒታሉ ያው ነው። አልትራሳውንዱን ትናንት አዩት፣ ፊታቸው አላማረኝም። ዛሬ ማሽኑ።

ቀበቶ፣ ሰዓት፣ ስልክ፣ ሳንቲም አስወጡኝ። የሚተኛበት ጠባብ ነው፤ ጣሪያው አፍንጫህ ላይ ነው። እንዲህ ጠባብ መሆኑን አልነገርከኝም። ስትወጣ ሁልጊዜ "ምንም አይደለም፣ ትተኛለህ ብቻ" ነበር የምትለው። ውሸታም።

ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። "ትንፋሽ አስገባ። አስወጣ። አሁን ያዝ።" ማሽኑ ይደበድባል። ያዝኩ። አንተን ላሳፍር አልፈለግኩም። ያዝኩ፣ ያዝኩ፣ ለቀቅኩ።

"ናስር፣ አልቻልክም?"

እዚያ ውስጥ ማንም አያይህም። መድረክም ዳኛም የለም። እንዲያም ሆኖ "ችያለሁ" ልል ነበር። ከመስታወቱ ወዲያ እማ ከወንበሯ ተነሥታ እንደቆመች ግን እርግጠኛ ነበርኩ።

"አልቻልኩም" አልኩ።

"ችግር የለም፣ እናሳጥረዋለን። በቻልከው ልክ እየያዝክ በቁራጭ በቁራጭ እንወስደዋለን።"

ይኸው ነው። በቁራጭ በቁራጭ ወሰደው። ረጅም ጊዜ ፈጀ፤ ማንም አልተቆጣኝም።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ ምስሉን አሳየችን። ልቤ እየተንቀሳቀሰ ነበር፤ እንደሌላ ሰው ልብ ነው የምታየው። ቀኝ በኩል ግድግዳው መወፈር ጀምሯል። አንተ መጀመሪያ ስትመጣ የነበርክበት ደረጃ ላይ አልደረሰም፤ ብዙ ይቀረዋል አለች። ግፊቱን በትክክል ለማወቅ አንድ ጊዜ ቱቦ ይገባልኛል፤ መድኃኒት እጀምራለሁ፤ ከዚያ በየስድስት ወሩ ማሽኑ ያየኛል። ኳስ የለም። በረኛም ቢሆን።

"ምስሉ ያምራል?" አለች እማ።

ዶክተሯ ግራ ገባት። "ትንሽ ደብዝዟል፣ ትንፋሽ ስላልያዘ። ግን የምንፈልገውን አይተንበታል።"

"እንኳን ደበዘዘ" አለች እማ። በግ አይታረድም ማለት ነው።


ሰኔ 8

ቱቦውን ጨርሰን አዋሽ ተመለስን። ያመኛል ብዬ ነበር፣ ያን ያህል አይደለም። እማ ለእትዬ አሰፋሽ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስለዚህ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ማሽኑ ፈውሶኛል የሚሉ አሉ። አንድ ሰው መንገድ ላይ አቁሞኝ እጄን ይዞ፣ "ፊትህ እንኳ ተለውጧል!" አለኝ።

ኡስታዝ ከመግሪብ በኋላ መጡ። ሻያቸውን ጠጥተው ተነሡ። በሩ ላይ ጫማቸውን ሲያጠልቁ፣ "ትንፋሽ ያጠረው ሰው ያለ ቦታው ቢቆም ይፈቀድለታል። ወደኋላ ትንሽ ተመልሶ ይቀጥላል። ይህ በድንጋጌው አለ" አሉኝ። "ለሙእሚን አልነገርኩትም። ሰነፈ ነው ያልኩት።"

እሳቸው ሲወጡ ሸኘኋቸው። ዘገምተኛ ነበሩ፤ ወይም ለእኔ ብለው ነው የዘገዩት።


ሰኔ 11

እማ ዛሬ ከሱብሒ በኋላ ወደ ሰመራ ሄደች። ቁርስ ቤቱ ካልተከፈተ ደንበኛው ሌላ ይለምዳል፣ ቤቱም የሚቆመው በእሱ ነው። አውቶቡስ ላይ ወጥታ ወረደች፤ ወጥታ እንደገና ወረደች፤ ረዳቱ፣ "እትዬ፣ አንዱን ምረጪ" አላት። ሄደች።

ቤት ስመለስ ሁለት አልጋ አለ፣ ሰው የለም። እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ወይ አንተ አለህ፣ ወይ ለቀስተኛ አለ፣ ወይ እማ አለች። ፊቴን ታጥቤ ዩኒፎርሜን ለበስኩ። ያደረ ዳቦ በሻይ በላሁ። ከአዲስ አበባ የያዝነው ኪኒን ትናንት ስላለቀ የታዘዘበትን ወረቀት ይዤ ወጣሁ። እዚህ ሁልጊዜ አንተ ብቻህን ነበር የምትገዛው፤ "ና አብረን እንሂድ" ብለኸኝ አታውቅም። ዛሬ ገባኝ።

ፋርማሲው ውስጥ ሁለት የከባድ መኪና ሾፌሮች ነበሩ። አንደኛው ባለችው አንድ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወረቀቱን መድኃኒት ለምትሸጠው ልጅ ሰጠኋት። አነበበችው፣ ዩኒፎርሜን አየች፣ እንደገና አነበበችው።

"ሲልዴናፊል?" አለች፣ ጮክ ብላ።

የቆመው ሾፌር ዞረ። "የሽማግሌ ሙሽራ ኪኒን አይደል እንዴ እሱ? አይ ዘመን! አሥራ አንደኛ ክፍልም ይድሩ ጀመር?"

የተቀመጠው ሳቀ። ልጅቷም ከንፈሯን ነከሰች። "ለማን ነው?" አለችኝ፣ ልታድነኝ ፈልጋ። ለአያቴ ብል ይበቃ ነበር። ለወንድሜ ብልም ይበቃ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ብሆን ውሸትም አይሆንም።

"ለእኔ ነው" አልኩ። "ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ሥሬ ጠቧል። ይህ ያሰፋዋል። ካልወሰድኩ ልቤ ይደክማል። ወንድሜ በእሱ ነው የሞተው።"

ለማንም እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ለአማንም፣ ለአንተም።

ሾፌሩ አፉን በእጁ ያዘ። "አላህ ያሽርህ፣ ወንድሜ። አላወቅኩም" አለ። ልጅቷ ኪኒኑን ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር ሰጠችኝ። እዚያው ዋጥኩት። የተቀመጠው ሾፌር ተነሥቶ ወንበሩን ወደ እኔ ገፋው።

"ቁጭ በል።"

እማን ልሸኝ ከሱብሒ ጀምሮ በእግሬ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ደግሞ ሩቅ ነው። ደህና ነኝ ልለው አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት።

ተቀመጥኩ። እነሱ መድኃኒታቸውን ገዝተው ወጡ፣ ሌሎች ገቡ፣ እኔ ተቀምጬ ነበር። በደንብ እስካርፍ ድረስ አልተነሣሁም።